ብርዱን ለምደውታል

«እነዚህ አሮጌዎቹ ናቸው። አታስቡ፣ ብርዱን ለምደውታል።»

እናት ይህን የሰማችው የዓሳ ሳጥን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከላስቲኩ መጋረጃ ወዲህ ቆማ ነው። መጋረጃው ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ የተንጠለጠለ፣ ሰው ባለፈበት ቁጥር ፊቱን በጥፊ የሚለው ወፍራም ነገር ነው፤ ድምፅ ግን አያግድም። ከወዲያ በኩል ሥራ አስኪያጁ ካፖርት የደረቡ ሁለት እንግዶችን ያስጎበኛል። እንግዶቹ ገና በሩ ላይ ቆመው መዳፋቸውን እፍ እፍ ይላሉ። «ለምደውታል ሲሉ?» ብሎ አንደኛው ጠየቀ። «በሳይንስ ነዋ! ጥናት ወጥቷል፣ ዓለም የሚያነበው መጽሔት ላይ ታትሟል። እዚህ ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ጣቷ ራሱ ምድጃ ነው። እንደ አዲሶቹ አትንቀጠቀጥም። ችግር የለም!» እንግዶቹ ሳቁ። እናት ሳጥኑን እንዳቀፈች አመልካች ጣቷን ልታጥፈው ሞከረች። ጣቷ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው በስሙ አይጠራውም፤ «ችግር የለም» ነው የሚለው። ደመወዝ ሲዘገይ ችግር የለም፣ የመታጠቢያው ውኃ ሲጠፋ ችግር የለም፣ ጓንት ተቀዶ ጣት ብቅ ሲል ችግር የለም። «ችግር የለም መጣ!» ከተባለ ችግር እንደ መጣ ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ይዞት የመጣው ችግር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ በማሞቂያዋ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። ያቺ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ግድግዳ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር እንጂ ሌላ ነገር የላትም፤ ማሞቂያውም ቢሆን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀላው። ቢሆንም ሴቶቹ ከዓሳው ክፍል በየተራ እየወጡ፣ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ጣታቸው መጀመሪያ እስኪነዝር፣ ቀጥሎ እስኪያቃጥል፣ በመጨረሻም ተመልሶ የራሳቸው ጣት እስኪሆን የሚቀመጡባት እሷ ናት። ባሎቻቸውን የሚያሙት፣ ልጆቻቸውን የሚያመሰግኑት፣ አንዳንዴም ለብቻቸው የሚያለቅሱት እዚያ ነው።

እናት የማታ ትምህርት ከገባች ወዲህ ያየችውን ሁሉ ታነባለች። መምህሯ «የሳሙና ካርቶንም ቢሆን አንብቡ» ስላላቸው የሳሙና ካርቶን አንብባለች፣ የአውቶቡስ ጎን አንብባለች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አንብባ ግማሹ ሳይገባት ቀርቷል። አሁንም በሩ ፊት ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ማንበብ ዓይን ያበራል ሲሉ ሰምታ ነበር፤ ዓይን እንደሚወጋ ግን ማንም አልነገራትም።

«ምን ይላል?» አለች ከኋላዋ ዶፍ። ዶፍ ስሟ አይደለም፤ ወሬ ስትጀምር መጠለያ ስለማይገኝ የወጣላት ነው።

«ለአዳዲስ ሠራተኞች ብቻ ይላል።»

«እኛስ?»

«እኛማ አሮጌ ነን።»

«አሮጌ ጫማ እንኳ ፀሐይ ላይ ይሰጣል!» ብላ ዶፍ ወረደች። «እኔ እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ያገኘሁት ሙቀት ቢኖር የባሌ ቁጣ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ነው! ቆይ፣ አሮጌ ሥጋ ነው የማይበርደው ያለው ማነው? የማን አእምሮ ነው ይህን ያፈለቀው? እንዲያው አግኝቼው በዚህች እጄ አንገቱን…»

«ቀስ በይ» አለ ችግር የለም እንግዶቹን አስከትሎ ሲመጣ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ክፋት የለበትም፣ ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር። «አንገቷን የምታንቂያት የሷ ልጅ ናት» አለና እናትን በአገጩ አመለከተ። «ጥናቱን የሠራችው የማን ልጅ ሆነችና! ልትኮሩ ይገባል እንጂ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እናት ዞሩ። ዶፍ እንኳን፣ አፏን ከፍታ የነበረችው ዶፍ፣ አፏን ዘጋች። እናት ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ስታስብ ዋለች፤ ከሁሉ የከፋባት ግን የዶፍ ዝምታ ነበር።

ወደ ዓሳው ተመልሳ ሳጥን እየደረደረች ነገሩን ከራሷ ጋር አወጣችው፣ አወረደችው። ልጇ በዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ብርድን ነው። ፍጥረት በበረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር፣ ደሙ ለምን እንደማይረጋ፣ ሰውስ ብርድ ውስጥ ሲውል ሲያድር ሥጋው ምን እንደሚማር። ልጅ ሳለች እናቷ ከሥራ ስትገባ ጣቶቿን ተቀብላ በብብቷ እያሞቀች ያደገች ናት፤ ለዚህ ትምህርት ያበቃኝ እሱ ነው ትላለች። አምና ደግሞ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ የበረዶ ውኃ የተሞላ ሳህንና ጣት ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ይዛ እዚሁ መጣች። እያንዳንዷ ሴት እጇን ትነክራለች፣ መሣሪያው የጣቷን ሙቀት ይለካል፣ ልጅቷም «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጠር ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። በዋዜማው ግን ችግር የለም፣ ቀልድ ይሁን ምሩን ሳይታወቅ፣ «እጇን ቶሎ ያወጣች ሴት ለዚህ ሥራ አትሆንም ማለት ነው» ብሎ ነበር። እናት በበኩሏ ሴቶቹን ሰብስባ ለመነቻቸው፤ «ልጄን እንዳታሳፍሩብኝ። ሥራዋ ነው። አንዷ እየጮኸች ሌላዋ እጇን እየነቀለች እንዳታበላሹባት።» ማንም አላሳፈራትም። ከመታጠቢያው ጀርባ የፍል ውኃ ቧንቧ ያልፋል። አሮጌዎቹ ሴቶች ተራቸው እስኪደርስ ቧንቧውን ጨብጠው ቆሙ፣ ትኩስ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ ገብተው እጃቸውን ነከሩ። ስንት ያማል ሲባሉ «ሁለት» አሉ፤ «አንድ» ያለችም አለች። አዲሶቹ ግን ወሬ ያሾልካሉ ተብሎ ስለ ቧንቧው አልተነገራቸውም ነበርና ከዓሳው ክፍል እንደ ወጡ ነክረው ጮኹ። ልጅቷ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። እነዚህ ለምደዋል፣ እነዚያ አልለመዱም። እናት ያን ዕለት ማታ ልጇ በደስታ ስትዘል አይታ ለፈጣሪ ምስጋና አቅርባ ነበር።

«እትዬ፣ ደም!» ብላ ዶፍ ጮኸች።

እትዬ ሁሉም የሚያከብሯት፣ ከሁሉም ቀድማ እዚህ ቤት የገባች ሴት ናት፤ የዓሳውን ክንፍ በቢላ የምትገነጥለው እሷ ናት። ቀና ብላ ዶፍን አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች። «የዓሳው ነው» አለች።

«የዓሳው? ድንጋይ የሆነ ዓሳ ምን ደም አለው!»

እትዬ ያን ጊዜ ጓንቷን አወለቀች። የሌባ ጣቷ ጫፍ በስስ ቆዳ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷ ግን የሌላ ሰው ጣት የሚያሳዩዋት ይመስል አዘንብላ ተመለከተችው። አልጮኸችም፣ አልሳበችውም፣ «ውይ» አላለችም። ነጩ ካርቶን ላይ ደሙ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሴቶቹ ሻሽ ቀደው አሰሩላት፣ አንዷ ውኃ አመጣች። ችግር የለም ከነእንግዶቹ እየሮጠ ደረሰ። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሰው ነውና ደነገጠ። ቀጥሎ ግን የእትዬን ፊት አየ፣ ፊቷ ላይ ምንም አላየም፤ ወደ እንግዶቹም ዞረ። «አያችሁ አይደል?» አለ በኩራት ድምፅ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ግቢ በጩኸት ያፈርሰው ነበር።»

እናት እንዲህ ያለ ቁጣ እስካሁን አታውቅም፤ ቁጣዋ የሚያውቀው የደመወዝ መዘግየትን፣ የኪራይ መጨመርን፣ ልጆች በእግራቸው የሚያስገቡትን ጭቃ ነበር። ይኼኛው ግን ከእግሯ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ቆመ፣ የሚወጣበትም አጣ። የምትጮኽበት ሰው ቢኖር ይህ ሰውዬ ነው፤ ይህ ሰውዬ ግን የሚናገረው የልጇን ቃል ነው። ሽርጧን ፈታች። «ልወጣ ነው» አለችው። «ወዴት?» «ልጄ ጋ።» ፊቱ በራ። «ደስታዋን ልትካፈይ? ሂጂ፣ ሂጂ፤ ችግር የለም።»

የዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ወለል ፊት ያሳያል። እናት ጫማዋን በሩ ላይ ጠርጋ፣ ደግማ ጠርጋ ገባች፤ የዓሳው ሽታ ግን በጫማ አይጠረግም፣ ከፊቷ ቀድሞ ይሄዳል። ሁለት ተማሪዎች አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉና ተያዩ። ከጫፍ ካለው ክፍል ሳቅና ጭብጨባ ይሰማ ነበር። በሩን ገፋ ስታደርግ ረጅም ጠረጴዛ፣ ኬክ፣ የጭማቂ ጠርሙሶች፣ የወረቀት ብርጭቆ የያዙ ሰዎች አየች። መሐላቸው ልጇ ቆማለች። ከሠርግ ውጭ ለብሳው የማታውቀውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ዓይኗም እንደ ሕፃን ዓይን ያበራል። እናቷን ስታይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ሮጣ አቀፈቻት። ሽታውን እንዳልሸተተች ሆና አቀፈቻት። እናት ልትናገር የመጣችውን ለጊዜው ያዝ አደረገችው።

«እናታችን መጡ!» አለ የልጇን ጥናት የሚመራው ፕሮፌሰር። ረጅም፣ ጨዋ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰው ነው፤ ለእናት ሁልጊዜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው ሰላምታ የሚሰጣት። ዛሬም ዝቅ አለ፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ከእጇ አንጓ ይዞ ልክ እንደ አሸናፊ ቡጢኛ እጅ ወደ ላይ አነሳው። «ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ እጅ ነው! ይህ እጅ ነው ዓለም የሚያነበው!» ሰዎቹ አጨበጨቡ። እናት እጇ አየር ላይ እንደ ተሰቀለ ቆመች። የኮቷ እጅጌ ወደ ታች ተንሸራቶ ክንዷ ታየ፤ የተቀደደው የውስጥ ልብሷም ታየ። አንዲት ወጣት መምህርት በቅን ልቦና ጠጋ ብላ፣ «እውነት ግን እማማ፣ አሁን አይበርድዎትም?» አለቻት።

«ይበርደኛል» አለች እናት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሰላቸው።

«ላናግርሽ» አለቻት ልጇን በጆሮዋ። ልጅቷ ከምትሠራበት ጠባብ ክፍል ገቡ። ሁለት ጠረጴዛ፣ የሚያጉረመርም ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ የሚያማምሩ የበረዶ ምድር ፎቶዎች። እናት ሳትቀመጥ ጀመረች። «የማሞቂያዋን ክፍል ቆለፉብን። አሮጌዎቹ ለምደዋል ብለው። አንቺ ነሽ ያልሽው ይላሉ።» የልጅቷ ፊት እየገረጣ ሄደ። «እኔ እንደዚያ አላልኩም! እማ፣ እኔ የጻፍኩት የጣት ደም ሥር ነው። ቅዝቃዜ ሲነካው መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ቆይቶ ደግሞ ይከፈትና ሞቅ ያለ ደም ይለቃል፤ ብዙ ዓመት በብርድ በሠራ ሰው ላይ ይህ ቶሎ ቶሎ ይሆናል ነው ያልኩት…» ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዲሉ፣ እጇን ዘርግታ በጣቶቿ እያሳየች ስለ ብርድ ታስረዳት ጀመር። እናት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«እረፍት ይቅርባቸው የሚለውስ?»

«መጨረሻው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ድርጅቶች የእረፍት ሰዓታቸውን በዚሁ መሠረት ሊያስተካክሉ ይችላሉ የምትል። ፕሮፌሰሩ ናቸው የጨመሯት። ጥቅሙ ካልታየ መጽሔቱ አይቀበለንም አሉ።»

«አንቺስ?»

«ምን እኔስ?»

«አንቺ አንብበሻታል?»

«አንብቤያታለሁ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ወደ ማቀዝቀዣው አዙራ።

ያን ጊዜ እናት ስለ ቧንቧው ነገረቻት። ስትነግራት አላሳመረችም፣ አላለሰለሰችም፤ ስለ ሻዩ፣ ስለ ልመናዋ፣ አዲሶቹ ለምን እንዳልተነገራቸው፣ «ሁለት» ስለሚለው ቃል። እየነገረቻት ሳለ የልጇን ፊት ታያለች። ፊቱ መጀመሪያ አልገባውም፣ ቀጥሎ ገባው፣ ከዚያ በኋላ እናት የማታውቀው ፊት ሆነ። ልጅቷ ተነስታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

«ለማን ተናገርሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትናገሪ።»

«እትዬ ዛሬ ጣቷን ቆረጠችው። አልተሰማትም። ችግር የለም በኩራት አሳያት።»

«እማ፣ ስሚኝ! ይህ ጽሑፍ ከወደቀ እኔ አብሬው ነው የምወድቀው። ዶክተርነቱም የለ፣ ቦታዬም የለ። ዋሾ ነው የሚሉኝ፣ ዕድሜ ልኬን። ማን አዘዘሽ? ማን ቧንቧ ጨብጡ አለሽ? እኔ ልለካ ነው እንጂ እንድታስመሰግኑኝ መጣሁ?»

«እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው።»

«ይኸው ሳቁብኝ!» ብላ ልጅቷ ጮኸች፤ ጮኻም አፏን በእጇ ያዘች። ከውጭ የፕሮፌሰሩ ድምፅ፣ «ባለ ድሏ! ኬኩ ካላንቺ አይቆረጥም!» አለ። ልጅቷ እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች፣ ፊቷን አስተካከለች፣ ፈገግታዋንም እንደ ልብስ ለበሰችው። እናት ያን ፈገግታ ስታይ ችግር የለምን አየችው። በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የወረቀት ብርጭቆ የያዘ ሰው «እንኳን ደስ አለዎት» አላት፤ እሷም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለችው። አፏ ለብቻው የለመደውን ተናገረ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የታተመ ወለምታስ በምን ይታሻል? በልጇ ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች፣ በፕሮፌሰሩ ተናደደች፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በዚያች «ሊያስተካክሉ ይችላሉ» በምትል ጨዋ ዓረፍተ ነገር ተናደደች። የሚሰድብን ሰው ስድቡን ይሰማሉ፣ መልስ ይሰጡታል። እንዲህ ኮት ለብሳ፣ እግሯን አነባብራ የተቀመጠችን ቃል ግን ምን ይሏታል? ነገ ሄዳ ለችግር የለም ሁሉንም እንደምትነግረው ወሰነች።

ልጅቷ አመሻሽ ላይ ገባች። የሚኖሩበት ቤት በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው፤ ወዲህ የእናት አልጋና ምድጃው፣ ወዲያ የልጅቷ አልጋና መጽሐፎቿ። መሐል ላይ ያለው ጠረጴዛ ጠዋት የቁርስ፣ ቀን የልብስ መተኮሻ፣ ማታ የሁለቱም መማሪያ ነው። አንዷ ስለ ደም ሥር ስትጽፍ ሌላዋ ከፊቷ ተቀምጣ «ሰ» እና «ሠ»ን ስትገለብጥ ስንት ማታ አብረው አምሽተውበታል። ዛሬ ሾርባና ዳቦ አቀረበች። ልጅቷ ተቀመጠች፣ በላች፣ ወይም የበላች መሰለች። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማል። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይሰማል። እናት ጨው አቀበለቻት፤ ልጅቷ ጨው አልጠየቀችም ነበር፣ ግን ተቀበለችና ነሰነሰች። ሁለቱም የሌላዋን ቀጣይ ቃል ያውቁታልና ማንም አይጀምረውም። በመጨረሻ እናት ጀመረችው።

«ነገ ለችግር የለም ልነግረው ነው።»

«አያምንሽም» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«አውቃለሁ። ያንቺን ነው የሚያምነው።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ፤ ሳይከፈትም የዶፍ ድምፅ ገባ። «ክፈቱ እንጂ፣ እንግዳ በር ላይ ያስቆማሉ እንዴ! ያ የተረገመ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ጥሎን ሄደ፣ በሦስተኛው ሹፌሩን በክርኔ…» በሩ ተከፈተ። ዶፍ በላስቲክ የታሰረ ብርቱካን ይዛለች። ከኋላዋ እትዬ ቆማለች፣ ለእንግድነት የምትለብሰውን ሹራቧን ለብሳ፣ የታሰረ እጇን ከሹራቡ ውስጥ ከትታ። «እንኳን ደስ አለሽ ልጃችን!» አለች ዶፍ፤ ልጅቷን ግራና ቀኝ ደጋግማ ሳመቻት። «ስሟ በዓለም ወጣ አሉ እኮ! ጠዋት ደንግጬ ነው አንቺ ሴትዮ ዝም ያልኩሽ፣ አትቀየሚኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ልጅ የሁላችን ናት። ተናድደን ነው እንጂ በሷ አይደለም የተናደድነው።» እትዬ ደግሞ በግራ እጇ የልጅቷን ጉንጭ ዳሰሰች። «ለዚህ ያበቃሽ ይመስገን» አለች።

እናት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ቀረች። ሊወቅሱ ቢመጡ ታውቅበታለች። ብርቱካን ይዘው መጡ።

ልጅቷ የእትዬን ሹራብ እያየች ነበር። «እትዬ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደል፤ ትንሽ ጫረኝ።»

«ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ። ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።»

«ምንም አልሆነችም!» ብላ ዶፍ ገባች። «ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ ስለ እጅ አናወራም። ደግሞ እኛ ለምደነዋል!»

ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ የእናት ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረው ነገር ወጣ። «ተዉ!» ብላ ጮኸች፤ የጎረቤት ሬዲዮ ጸጥ አለ። «ተዉ ይህን ውሸት! በማነው የምታሾፉት? ምን ለምደናል? የለመድነው ደህና ነኝ ማለትን ነው! ባል ሲመታን ደህና ነኝ፣ ልጅ ሲሞትብን ደህና ነኝ፣ ጣታችን ተቆርጦ ሲንጠለጠል ደህና ነኝ! እኔ ነኝ ያስዋሸኋችሁ፣ ልጄን እንዳታሳፍሩ ብዬ፤ ይኸው አላሳፈራችኋትም፣ ይኸው ኬክ በላች! እስኪ ዛሬ፣ በዚህች ቤት፣ አንድ ጊዜ፣ ያመመውን አመመኝ በሉ! እሷ ጠይቃችኋለች፣ መልሱላት!»

ዶፍ ብርቱካኑን እንደ ያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ የታሰረ እጇን ከሹራቧ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሾርባው ሳህን አጠገብ አኖረችው።

«ዛሬ ሲቆረጥ አልተሰማኝም» አለች። «ያስፈራኝ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ይሰማኛል። ሲሞቅ ይብሳል፤ አልጋ ውስጥ ገብቼ ሲሞቅ እንደ እሳት ይነዳል፣ ባሌን እንዳልቀሰቅሰው ትራስ እነክሳለሁ። የልጅ ልጄን ፀጉር መጎንጎን ትቻለሁ፤ ፀጉሩ ጣቴ ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ያን ቀን ውኃሽ ውስጥ ሳለሁ ስንት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ። ስንት እንደሆነ ልንገርሽ? ሁለት ያልኩሽ ከአሥር በላይ ቁጥር ስላልሰጠሽኝ ነው።»

ዶፍ ቀጠለች። ዶፍነቷ ቀርቶ ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች ተናገረች፤ የልብሷን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የሚቆልፍላት ባሏ እንደሆነ፣ በዚህም የተነሳ እንደሚስቅባት፣ እሷም ለሰው የምታወራው ቁጣውን እንጂ ይህን እንዳልሆነ። እናት እነዚህን ሴቶች ስንት ዘመን ታውቃቸዋለች፤ ይህን ግን አታውቅም። እሷም የራሷን ተናገረች፤ የማታ ትምህርት ቤት እርሳሱን ሁለት ጣት መሐል በክር የምታስረው ለምን እንደሆነ። ልጅቷ ክሩን ስንት ማታ ከፊቷ ተቀምጣ አይታዋለች። ጠይቃት ግን አታውቅም። አሁን ክሩን በዓይነ ሕሊናዋ አየችውና ሰማያዊ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ተነሳች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ መጋረጃውን ሳታልፍ፣ ወደ ውጭ ሳትወጣ፣ እዚያው በሴቶቹ መሐል ቆማ ደወለች። እናት ልትከለክላት እጇን ዘረጋች፤ ለምን እንደዘረጋችው አላወቀችም። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፣ ሲመጣ ግን ያየችው ነጭ ካፖርት የለበሰችውን ልጇን ከአንድ ከፍ ያለ ነገር ላይ ስትወርድ ነው። እጇን መልሳ ሰበሰበችው።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ፣ አምሽቼ ደወልኩ» አለች ልጅቷ። «ጽሑፉ መነሳት አለበት… አይ፣ መታረም አይደለም፤ መነሳት። መጽሔቱ እንዲሽረው ልጽፍ ነው… የለካሁት የቧንቧ ሙቀት ነው… አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ሰዎቹ እዚህ ናቸው… የሚደርስብኝን አውቃለሁ። የእርስዎንም ስም እንደሚነካ አውቃለሁ… አይደለም፣ ማንም አላስገደደኝም።»

ከስልኩ ውስጥ የሚለሳለስ፣ የሚያግባባ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ሴቶቹ ቃሉን ባይሰሙም ቃናውን ያውቁታል። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእትዬን እጅ እያየች አዳመጠችው።

«እስከ ሰኞ መጠበቅ አይሆንም፣ ፕሮፌሰር» አለች። «እናቴ ነገ ጠዋት ወደዚያ ብርድ ትገባለች።»